ከመጋረጃው ወዲህ

አልማዝ ባለጭራ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው በሽታውን አይቶት እንጂ ታሞት የሚያውቅ አይመስልም። ስሙን ብቻ ለሰማው የሙሽራ ጌጥ ነው። አስካለችን የያዛት በግራ ጎኗ ነበር። ከጀርባዋ ተነስቶ የጎድን አጥንቷን ተከትሎ እስከ ጡቷ ሥር ድረስ፣ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ውኃ የቋጠሩ ፍንጣቂዎች ተበተኑባት። እነሱስ ደረቁ፤ ቅርፊታቸው ረገፈ፤ ቆዳዋም ዳነ። ሕመሙ ግን እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተኛ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ጠላቷ ሆነ። ሸሚዝ ገላዋን ሲነካት ፍም ያስጠጉባት ይመስላት ነበር። ነፋስ ቀሚሷን ካወዛወዘው ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ጊዜው ደግሞ ኮሮና ዓለሙን ሁሉ ቤት የዘጋበት፣ ጆሃንስበርግም በብርድ የተኮራመተችበት ወቅት ነበር። በዚያ አገር ሰኔ ዝናብ አያውቅም። ሰማዩ ታጥቦ እንደተደፋ ሳህን ጥርት ይላል፤ ከዚያ ጥራት ውስጥ ግን አጥንት የሚሰብር ብርድ ይወርዳል። ያንን ብርድ ያለ ብርድ ልብስ ማለፍ አይቻልም፤ አስካለች ደግሞ ብርድ ልብስ መልበስ አትችልም።

ባለቤቷ ዱካሞ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ቀን ከሰዓት ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች ተሸክሞ ገባ። በአልጋው ግራና ቀኝ ደረደራቸው። በላያቸው ቀጫጭን ጣውላ አጋደመ። ብርድ ልብሱን በጣውላው ላይ ሲዘረጋው አልጋው ትንሽ ዋሻ ሆነ፤ ሙቀቱ ያለ፣ ጨርቁ ግን የማይነካ። አስካለች ቀስ ብላ ተስባ ገባችና ከውስጥ ሆና ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው።

«የኤፍራታ አባት፣ እኔንም ከለስላሳው ጋር ደረደርከኝ እኮ» አለችው።

ኤፍራታ ሆሳዕና ከአክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር ልጃቸው ናት። ባልና ሚስቱ የሚጠራሩት በሷ ስም ነበር፤ እንዲያ ሲሆን ልጅቷ ከመካከላቸው የራቀች አይመስላቸውም።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ያ አልጋ በነበረበት ቦታ ላይ ነውና ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዱካሞና አስካለች አሌክሳንድራ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አላቸው፤ የአገሩ ሰው የሰፈር ሱቅን እንዲያ ይለዋል። ሱቁ ጎጎ ኖምቩላ፣ አያት ኖምቩላ እንደማለት፣ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ጠርዝ ላይ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየ የቆመ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ፍርግርግ ያለው መስኮት አለው። ደንበኛው በዚያ በኩል ይጠይቃል፣ እጁን ያስገባል፣ ይቀበላል። ከመስኮቱ ጀርባ መደርደሪያዎቹና በሩ መስተዋት የሆነ ማቀዝቀዣ አሉ። ከመደርደሪያው ጀርባ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው፣ የጋዝ ምድጃው፣ የልብስ ሻንጣው፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የኤፍራታ ፎቶ።

መጋረጃው ቢጫ አበባ የታተመበት ስስ ጨርቅ ነው። ከሱ ወዲያ ንግድ ነው፤ ከሱ ወዲህ ትዳር። ግን ይህንን ድንበር የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዘራፊ ሲገባ ቀድዶት ያልፋል፤ ፖሊስ ሲፈትሽ በዱላው ገልጦት ይገባል፤ ዕቃ አውራጁም «ሩዙን የት ላድርገው?» እያለ በትከሻው ገፍቶት ይዘልቃል። አስካለች ከሆሳዕና ከወጣች ጀምሮ የተኛችው ሁሉ ሱቅ ውስጥ ነው። የመኝታዋ ሽታ የሳሙናና የበቆሎ ዱቄት ሽታ ነው። ቤት አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ቢኖር መልሱን ማሰብ ያስፈልጋት ነበር።

ሥራዋን ግን ትወድደው ነበር፣ ሥራዋም ያስደንቅ ነበር። አስካለች የምትሸጠው ሙሉ ነገር የለም። ትሪውን ሙሉ እንቁላል መግዛት ለማይችል አንዷን እንቁላል፣ ዳቦውን ሙሉ ለማይችል ግማሹን፣ የሻይ ካርቶኑን ለማይችል አንዷን ከረጢት። ስኳሩን በላስቲክ ቋጥራ ስትሰጥ ቋጠሮዋ በጥርስ እንጂ በእጅ አይፈታም። ደንበኞቹ ዱካሞን እንደሌላው ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፤ እሷን ግን «ማማ አስካ» ነበር የሚሏት። ታማ ከመስኮቱ ከጠፋች በኋላ ሰልፈኛው በየተራው እሷን ይጠይቅ ነበር፤ ዱካሞ የሚቋጥረው ስኳር መንገድ ላይ ይፈስሳላ።

ዱካሞ በበኩሉ የሚታወቀው በጥንቃቄው ነው። ከሃዲያ አዲስ የመጣ ወጣት ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ የሚላከው ወደሱ ነበር። እሱም ዋጋ ከማስተማሩ በፊት አንድ መልስ ያስጠናዋል። ፖሊስ ሲመጣ አትንተባተብ፣ አትሟገት፣ ዕቃ አንስቶ ይህ ምንድን ነው ካለህ መልሱ አንድ ነው፦ «ስቶክ ነው፣ ሰር፤ ስሊፕ አለን።» ለመሸጥ ከጅምላ ሻጭ የገዛነው ነው፣ ደረሰኙም ይኸው ማለት ነው። ልጆቹ ያንን እንደ ጸሎት ይሸመድዱታል። ዱካሞማ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ዓይኑን ሳይገልጥ ይመልሰዋል።

አስካለች የተለመደውን መድኃኒት ሁሉ ሞክራለች። አንዱ ጨጓራዋን አቃጠላት፣ አንዱ ደግሞ ቆማ እስክትተኛ አደነዘዛት እንጂ እሳቱን አላጠፋውም። ጎረቤቷና የጸሎት ጓደኛዋ በቀለች፣ እሷም ባለሱቅ ናት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከሌሎች ምእመናን ጋር በስልክ ትጸልይላት ነበር። አስካለች አሜን ትላለች፤ ስልኩን ስታስቀምጥ ግን ክርኗ ጎኗን እንዳይነካ እንደ ተሰበረ ክንፍ ራቅ አድርጋ ነው።

አንድ ቀን ጎጎ ኖምቩላ መጡ። ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር መጋረጃው ሥር አስቀመጡላት። አስካለች ስትከፍተው አረንጓዴ ቅጠል ነው። ሽታውን አሌክሳንድራ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ዳጋ ነው፤ በአገሯ ጋንጃ የሚሉት፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቿ ሐሺሽ እያሉ ሲያስፈራሯት ያደገችበት። ክው ብላ ቀረች።

ጎጎ ግን ተረጋግተው ነበር። ከቤታቸው ጀርባ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ እንደሚያበቅሉት፣ ለጉልበታቸው እንደሚያፈሉት፣ ማንም እንደማይጠይቃቸው በዙሉኛና በእንግሊዝኛ፣ ያልበቃውን በእጃቸው እያሳዩ ነገሯት። ትልቁ ፍርድ ቤት ፈቅዷል አሏት። አስካለች አላመነችም። ፍርድ ቤት የሚባለው የሚከለክል እንጂ የሚፈቅድ ነገር ሆኖ አታውቀውም። አመስግና ቅጠሉን መለሰችላቸው፤ ነገሩን ግን ከልቧ ማስወጣት አልቻለችም።

ዶክተር ሔራን የምትባል፣ የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የምታክም ኢትዮጵያዊት ሐኪም ነበረች። ሰው ሁሉ ቤቱ ከተዘጋበት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሯን ሰዎች በስልክ ትረዳ ነበር፤ አስካለችም ደወለችላት። አስካለች አማርኛን የተማረችው በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ነውና ስትናገር ቃላቷን እንደ እንቁላል እየመረጠች ነው። የጎጎን ነገር ነግራ ስትጨርስ ስድብ ጠበቀች።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ጎረቤትዎ አልዋሹም፣ እትዬ አስካለች» አለቻት። የአገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በፊት የወሰነውን አስረዳቻት። ዐዋቂ ሰው በግል ቦታው፣ ለራሱ ብቻ ቢጠቀም ወይም ቢያበቅል ወንጀል አይሆንም፤ መሸጥ ግን ያኔም ወንጀል ነበር፣ አሁንም ወንጀል ነው። ለታማሚ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሐኪሙ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው ያመለክታል። ይህ ሰው ይህ ሕመም አለበት፣ የተለመደው ሁሉ ተሞክሮ አልሆነለትም ብሎ ይጽፋል። ከተፈቀደ መጠኑ የታወቀ ዘይት በታማሚው ስም ከፋርማሲ ይመጣል። ቅጠሉን ግን አላዝልዎትም አለች ሔራን፤ ምን ያህል እንደሚወስዱ አላውቅማ።

አስካለች እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ በዚያ አገር ያለ ስደተኛ ሁሉ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት የሚጠይቀውን ጠየቀች። «ዶክተር፣ የኛ ወረቀት የጥገኝነት ነው። የሚያድሰው ቢሮም ተዘግቷል። ለኛ ዓይነቱ ሰው ይፈቅዳሉ?»

«የወረቀቱን ቁጥር የሚፈልጉት እርስዎ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ነው» አለች ሔራን። «የሚወስኑት በሕመሙ ላይ ነው።»

አስካለች ያንን ቃል ይዛ ዋሻዋ ውስጥ ገባች። በሕመሙ ላይ! በዚህ ከተማ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ወረቀቷ ከሷ ፊት ፊት ሲሄድ ነው የምታውቀው። ባንክ ስትሄድ ወረቀቷ ነው የሚገባው፤ ሐኪም ቤት ስትሄድ ወረቀቷ ነው የሚታመመው፤ እሷ ከኋላ ቆማ የሱን ፊት ታያለች። አሁን ግን አይታው የማታውቅ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሰው የሷን የጎድን አጥንት ሊያስብ ነው። የሚቃጠለውን ያንን መስመር። ሌሎች ሊያዩት የማይችሉትን፣ ዱካሞ እንኳ በእምነት ብቻ የተቀበለውን እሳት።

ዱካሞ ሲሰማ ለፈለፈ። ሱቁ ይዘጋል አለ፤ ወረቀታችን ይቀደዳል አለ፤ ኤፍራታ እናትሽ በሐሺሽ ታሰረች ይሏታል አለ። አስካለች ሕጋዊ ነው ብላ ስትመልስለት ምድጃው ላይ ያለውን ጀበና የመሰለ ማንቆርቆሪያ አውርዶ ፊቷ ተቀመጠ።

«የኤፍራታ እናት፣ እኛ በሕጋዊ ዳቦ የምንጠረጠር ሰዎች ነን» አላት።

«ታዲያ ዳቦ ተውን?»

ዱካሞ ሣጥኖቹን፣ ጣውላውን፣ በዋሻው አፍ የሚታየውን ፊቷን ተመለከተ። ክረምቱን ሁሉ እሱ ራሱ ያን ብርድ ልብስ ከሷ ላይ ሲያነሳና ሲዘረጋ ነው ያሳለፈው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ በመጨረሻ፣ ለሷ ሳይሆን ለማንቆርቆሪያው የሚነግር ይመስል። «ግን ከሰው እንደብቀው። ለበቀለችም አትንገሪ።»

ከተቆጣጣሪው ፈቃዱ መጣ። ሔራን ስትደውል ድምፅዋ ሲስቅ ይሰማ ነበር። ከፋርማሲ የመጣው ጠርሙስ ከጣት የማይበልጥ ቡናማ ነገር ነው፤ ጀርባው ላይ የአስካለች ስም ከነአባቷ ታትሞበታል። በዚያ አገር ስሟ በትክክል ተጽፎ ያየችበት ጊዜ ትዝ አይላትም። ደጋግማ አነበበችው። ከምላሷ ሥር ጠብ ስታደርገው ጣዕሙ የሣር ነበር፤ ከዝናብ በኋላ በእንሰቱ ሥር የሚበቅለው የለምለም ሣር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ አላመጡም። ሔራንም ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው ብላት ነበር። አንድ ማለዳ ግን አስካለች ስትነቃ አንድ ነገር ጎደላት። ምን እንደሆነ ለማወቅ ዝም ብላ ተኛች። ከመጋረጃው ወዲያ ዱካሞ ዳቦ ይቀበላል፤ ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የጎጎ ዶሮ ይጮኻል። ሁሉ አለ። የጎደለው ምንድን ነው? ቀና ስትል ከጣውላዎቹ አንዱ ተንሸራትቶ ወድቋል። ብርድ ልብሱ ጎኗ ላይ ተኝቷል። በግራ ጎኗ ላይ፣ በሙሉ ክብደቱ፣ እንደ ተኛ ድመት። የጎደለው እሳቱ ነበር። ጨርሶ አልጠፋም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የሰው ወሬ ሆኖ ነበር። እጇን ዘርግታ የብርድ ልብሱን ጠጉር ዳሰሰችው። ጨርቅ ለስላሳ ነገር መሆኑን ረስታው ነበር። ዓለም ይህን ያህል ለስላሳ ነገር እያለባት ሰው ሁሉ እንዴት ሳይደነቅ ይለብሳል ብላ አሰበች፤ ዕንባዋም በጆሮዋ በኩል ወረደ።

በዚያው ሳምንት ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ሰልፈኛው አጨበጨበ። ስኳሩ እንደገና ጠብቆ ተቋጠረ።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለሱቅ ብቻ የሚሠራው ስህተት። የፋርማሲዋ ሴት መድኃኒቱን ከሙቀትና ከብርሃን አርቂው ብላታለች። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ምድጃ አለ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የምትመታው ቆርቆሮም ከራስጌዋ በላይ ነው። ለባለሱቅ ማቀዝቀዣ ማለት የከበረ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ የሚበላሸው ሁሉ የሚድነው እዚያ ነው። አስካለችም ጠርሙሱን በጥቁር ላስቲክ ጠቀለለችና መስተዋት በሩ ባለው በሱቁ ማቀዝቀዣ ታችኛው ረድፍ፣ ከእርጎው ጀርባ አስቀመጠችው። ሌላ ሐሳብ ወደ አእምሮዋ አልመጣም።

ወሩ የሲጋራ ሽያጭ በአዋጅ የታገደበት ነበር። ፖሊስ ስፓዛዎቹን በየተራ ይፈትሽ ነበር፤ አንዳንዱ ባለሱቅ ከመደርደሪያ ሥር ይሸጣልና። ዱካሞ አይሸጥም፤ ከጽድቅ ይልቅ ፍርሃት አድኖት ነበር። ስለዚህ አንድ ረፋድ ላይ የፖሊስ መኪና ጎጎ በር ላይ ሲቆም አልደነገጠም። ጭምብሉን አስተካክሎ የጎኑን በር ከፈተላቸው። የገቡት ሁለት ናቸው፤ ደንዳና፣ ዕድሜዋ የገፋ ሳጅን ትሻባላላ የምትባል ሴትና አንድ ወጣት ፖሊስ። ሰልፈኛው መሬቱ ላይ በተቀቡት ክቦች ላይ እንደቆመ በፍርግርጉ ያያል። ከሰልፈኞቹ አንዷ በቀለች ነበረች፤ ዱቄት አልቆባት የመጣች።

ወጣቱ ሣጥን ከፈተ፣ ከረጢት ዳሰሰ፣ ከመደርደሪያ ሥር አጎነበሰ። ሲጋራ የለም። ሊወጣ ሲል ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ እርጎውን ገፋ አደረገ፣ ጥቁሩን ላስቲክ አወጣ። ፈታው። በጠርሙሱ ላይ የታተመውን የተክሉን ስም አነበበ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

ዱካሞ ጀርባውን ሰጥቶ የተፈታውን የሩዝ ከረጢት እያሰረ ነበር። ዞር ሳይል መለሰ።

«ስቶክ ነው፣ ሰር፤ ስሊፕ አለን።»

አስካለች ከመስኮቱ አጠገብ ሆና የባሏን ቃል ሰማች። ዱካሞ ዞሮ ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱ እንደ ዱቄቱ ነጣ። ያ በልጆቹ ሁሉ አፍ ውስጥ ያስቀመጠው፣ ብዙዎችን ያዳነ መልስ፣ አሁን የገዛ ሚስቱን መድኃኒት ሸቀጥ አድርጎታል። ወጣቱ እንግዲያ ትሸጣላችሁ ማለት ነው አለ። በዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚሸጥ አይደለም እንዴ አለ። ደረሰኝም አለን ብለሃል አለ። ዱካሞ አፉን ከፈተ፤ ለዚህ የሚሆን መልስ አጥንቶ አያውቅም።

አስካለች አሰበች። ዝም ብትል ባሏ ይወሰዳል። ብትናገር ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማል፤ በቀለች ትሰማለች፤ ነገ ማለዳ በጸሎት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል። ብትናገርም የሚያምናት ማን ነው? ዕቃው የተገኘው ከሱቁ ነው፤ ባለቤቱም ስቶክ ነው ብሏል። ከዚያ የሔራን ቃል መጣላት። በሕመሙ ላይ ነው የሚወስኑት።

ወደ ፊት ወጣች። ከደንበኞቿ በለቀመችው ዙሉኛ «ኡሙቲ ዋሚ» አለች፤ መድኃኒቴ ነው ማለቷ ነው። ወደ ጎኗ አመለከተች። ከዚያ እሷም ዱካሞም ለማንም በፈቃዳቸው አድርገው የማያውቁትን አደረገች። ቢጫ አበባ ያለበትን መጋረጃ በገዛ እጇ ይዛ እስከ ጥግ ገለጠችው።

አልጋው ታየ። ሣጥኖቹ፣ ጣውላዎቹ፣ በላያቸው የተወጠረው ብርድ ልብስ፣ የዋሻው ጨለማ አፍ፣ ከሱም በላይ የኤፍራታ ፎቶ። ያ ሁሉ ባዶ ሣጥን ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ብርድ ልብስን እየሸሸ ተኝቷል።

ወጣቱ ፖሊስ እንደ ልማዱ እግሩን ሊያነሳ ሲል ሳጅኗ ክንዱን ያዘችው። ጠርሙሱን ከእጁ ተቀበለች። ስሙን አነበበች፤ አስካለችን ስሟን ጠየቀቻት፤ አስካለች ከነአባቷ ነገረቻት። በጠርሙሱ ላይ ወዳለው የፋርማሲ ስልክ ደወለች። ሁሉም ቆሞ ሲጠብቅ ሳጅኗ ስትሰማ፣ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ስታመሰግን ታየች። ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ከዚያ መጋረጃው እስከነበረበት ድረስ መጣችና ቆመች። በር የለም። የሚንኳኳ ነገር የለም። ሳጅን ትሻባላላ ኮፍያዋን አወለቀች፤ አንገቷንም ዝቅ አድርጋ በባዶው አየር ላይ፣ የአገሩ ሰው የሰው ቤት ደጃፍ ሲደርስ እንደሚለው፣

«ኮ ኮ» አለች።

አስካለች ያ ድምፅ ለሷ መሆኑ ወዲያው አልገባትም። ከኋላዋ ሌላ ሰው ካለ ብላ ዞር አለች። ስንት ቡት ጫማ ያለፈበት ድንበር ነው! እዚያ ላይ አሁን ሽጉጥ የታጠቀች የመንግሥት ሰው ኮፍያዋን ይዛ፣ ግቢ እስክትባል ድረስ ቆማለች። አንድ ጊዜ፣ በዚያው ከተማ፣ ካባ የለበሱ ዳኞች የግል ቦታ ብለው የተናገሩት ቃል መንገዱን ሁሉ ተጉዞ፣ ታክሲውን፣ አቧራውን፣ ሰልፉን አልፎ፣ እዚህ ስስ ጨርቅ ሥር መጥቶ ቆሟል። ጨርቁም ግድግዳ ሆነ። አስካለች ቤት እንዳላት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«ግቢ» አለች በአማርኛ። ሌላ ቋንቋ አልመጣላትም።

ሳጅኗ ገብታ ከሣጥኖቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች። የት እንደሚያማት ጠየቀቻት፤ አስካለች ጣቷን ከጀርባዋ እስከ ደረቷ አዞረች። ሳጅኗ አወቀችው። እናቴም ይዟት ነበር አለች፤ እኛ ኢባንዴ እንለዋለን፣ ቀበቶ ማለት ነው። እናቷ ይህ መድኃኒት ሳይፈቀድ ነው የሞተችው፤ እስክትሞት ድረስ ቀበቶው እንደጠበቀባት። ያንን ስትናገር የሚታየው ከጭምብሉ በላይ ያለው ዓይኗ ብቻ ነበር።

ከመነሳቷ በፊት ጠርሙሱን አስካለች መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አጠፈችላት። «ከዚህ ወዲህ መድኃኒት ነው» አለች፣ መጋረጃው የሚሰቀልበትን ሽቦ እያሳየች። «ከዚያ ወዲያ ክስ ነው። ዳግመኛ እርጎ ጋ እንዳላገኘው።» ወጥታ ስትሄድ ዱካሞን አየችውና ለሱም አንድ ቃል ጣለችለት። ማይ ፍሬንድ፣ መጀመሪያ አይተህ ከዚያ ተናገር አለችው።

ጎጎ ኖምቩላ በሩ ላይ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። ፖሊሶቹ ሲያልፉ የኔን ቤት ደግሞ ማንኳኳት እንዳትረሱ ብለው ተናገሩ፤ የቀለም ቆርቆሯቸው ትዝ ብሏቸው ይመስላል። ሰልፈኛው ሳቀ።

በቀለች አልሳቀችም። ተራዋ ደርሶ ፍርግርጉ ጋ ስትቆም አስካለች ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ዱቄቱን መስፈር ጀመረች። ተግሣጹን እየጠበቀች ነው። በቀለች እጇን በፍርግርጉ አስገብታ የአስካለችን እጅ ያዘች።

«እኛ ጌታን አድናት አልነው እንጂ በምን በኩል አድናት መቼ አልነው?» አለቻት። «የደበቅሽኝ ግን አስቀይሞኛል። ዱቄቱን ሞላ አድርጊው።»

ያን ቀን ሱቁ ቀድሞ ተዘጋ። ዱካሞ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀመጠ። ምላሴ ነው የተናገረው፣ እኔ አልነበርኩም አላት በሃዲይኛ። አስካለች እንግዲያ ምላስህንም ከስቶክ አውጣው አለችው። ሳቀና መልሶ አለቀሰ፤ እሷም እንባውን እንዳላየች ሆና መጋረጃውን መልሳ ዘረጋች። ሣጥኖቹንም አንድ በአንድ ከአልጋው ግራና ቀኝ አነሱ። አንዱን ብቻ አስቀረች፤ በራስጌዋ አቆመችው፤ በርጥብ ፎጣ የጠቀለለችውን ጠርሙስ፣ ምድጃው በማይደርስበት በግድግዳው በኩል ባለው በሣጥኑ ሆድ ውስጥ አኖረችው።

በማግስቱ ጠዋት ዱካሞ ሻይ ይዞላት መጣ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው በትከሻው ሊገፋው ነበር። ቆመ። ሻዩ በስኒው ጠርዝ ተወዛወዘና ረጋ።

«ኮ ኮ» አለ።

አስካለች ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ስባ፣ ጨርቁ ጎኗ ላይ እንደተኛ፣ መልሱን ለጥቂት አዘገየችው። የራሷ ነበርና።

«ማን ነው?»

«ማይ ፍሬንድ» አለ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ግባ» አለችው።